የካፌውን ብክነት ለመቀነስ ከየት እንጀምር? (ፖስተር መለጠፍ ሰልችቶናል)

ሦስተኛ_ዓመት · ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የተማሪዎች የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባል ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር «ምግብ አናባክን» የሚል ፖስተር ሠርተን ካፌው ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ቆንጆ ፖስተር ነበር፣ የሚያለቅስ ሳህን ተሥሎበታል። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። አንዱ ላይማ መረቅ ተደፍቶበት አገኘነው። ሳህኑ የምር የሚያለቅስ መሰለ።

አሁን የካፌው አስተዳደር ሐሳባችሁን አምጡ ብሎናል። የተሰጠን ግማሽ ሰዓት ነው። ክበቡ ውስጥ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ይዞ መጥቷል። አንዱ ሥጋ ይቅር ይላል። አንዷ የወረቀት ኩባያ ይታገድ ትላለች። አንዱ ኮምፖስት (ትራፊን አብላልቶ ማዳበሪያ ማድረግ)፣ ሌላው ሶላር። ሁሉንም ከጠየቅን አንዱንም ሳናገኝ የምንወጣ ይመስለኛል።

እናንተ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ ብትባሉ ምን ትጠይቃላችሁ?

ቁጥር_ወዳጅ · ሰኞ ማታ 2፡35

ሚዛን።

ቀልዴን አይደለም። አንድ ሚዛን፣ ሦስት ባልዲ፣ አንድ ደብተር። አንደኛው ባልዲ ላይ «ልጣጭና ቁርጥራጭ» ብላችሁ ጻፉ፤ ገና ሲከተፍ የሚጣለው ነው። ሁለተኛው ላይ «ከድስት የተረፈ»፤ ተሠርቶ ማንም ያልበላው። ሦስተኛው ላይ «ከሳህን የተረፈ»። ሦስቱን በፍጹም አትቀላቅሉ። ከተቀላቀሉ የምታውቁት ቆሻሻው ስንት እንደሚከብድ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ቆሻሻ የሚያወጡት ሰዎች ወገባቸው ነግሯቸዋል።

የዓለሙን ቁጥር ከፈለጋችሁ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። ለተጠቃሚ ከቀረበው 19 በመቶው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 290 ሚሊዮን ቶኑ የወጣው ካፌ፣ ሆቴል፣ ምግብ ቤት ከመሳሰሉት ነው። ይህን ስላይድ ላይ ብታደርጉት አስተዳደሩ ራሱን ነቅንቆ ሻዩን ይጠጣል። «ማክሰኞ ምሳ ላይ ከእኛ ድስት ይህን ያህል ኪሎ ሩዝ ተደፋ» ብትሉት ግን ወዲያው የግምጃ ቤቱን ሰው ያስጠራል።

አንድ ቀላል ሒሳብ ልጨምር። 3,000 ሰው የሚበላበት ካፌ ውስጥ እያንዳንዱ 50 ግራም ቢያስተርፍ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ በሉት፣ በአንድ ማዕድ 150 ኪሎ ይሆናል። በቀን ሦስቴ አባዙት።

ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት መዝኑ። የሜኑው ዙር ሁለት ሳምንት ከሆነ ሁለት ሳምንት። አንድ ቀን ብቻ ከመዘናችሁ የመዘናችሁት የዚያን ቀን ወጥ ነው።

ሁለት_ሳህን · ሰኞ ማታ 3፡02

ምግቡ ቢጥም ማን ይጥለው ነበር? ሚዛኑን ለጨው አምጡት።

ሦስተኛ_ዓመት · ሰኞ ማታ 3፡10

ሃሃ። ፖስተሩ ላይ መረቅ የደፋው አንተ ነህ እንዴ?

የጭልፋዋ_እናት · ማክሰኞ ጠዋት 12፡20

ልጆች፣ እኔ ተማሪ አይደለሁም። ኮሌጅ ወጥ ቤት ውስጥ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ገጽ ያሳየችኝ ልጄ ናት። አንብቤ ዝም ልል ነበር፤ የሦስቱ ባልዲ ነገር ግን አላስችለኝ አለ። ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ ጉድ ታያላችሁ።

ከድስት የሚተርፈው ለምን ይመስላችኋል? መቁጠር ስለማንችል አይደለም። ስለምንፈራ ነው። ምግብ ያለቀ ቀን ተማሪ ይጮኻል፣ ኃላፊው ይመጣል፣ «የለካው ማነው?» ይባላል። አንድ ምሽት መጨረሻ ላይ ለመጡ ጥቂት ልጆች ሩዝ አልቆብኝ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ደብዳቤው እስካሁን ቤቴ አለ። በርሜል ሙሉ የደፋን ቀን ግን ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። በ22 ዓመት አንድም ቀን። ታዲያ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትጨምራላችሁ። እኔም እጨምር ነበር። ከእኔ በላይ ያለችው ደግሞ የእኔን ልክ ሳታምን ከላዩ ትጨምራለች። ግምጃ ቤቱም ለራሱ ይጨምራል። ሦስት ፍርሃት አንድ ድስት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ ስንት ሰው እንደሚመጣ የሚነግረን የለም። የሚሰጠን የተመዘገበው ተማሪ ቁጥር ነው። የተመዘገበ ሁሉ ይበላል እንዴ? ዓርብ ማታ ግማሹ የለም። የፈተና ሳምንት ቁርስ ላይ ሰው አይነሳም፣ ማታ ግን ይጎርፋል። ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ከሩቅ ሕንፃ የሚመጣ የለም። አንድ ትምህርት ክፍል ለጉብኝት ተማሪዎቹን ይዞ ሲሄድ እኛ የምንሰማው ምግቡ ሲተርፍ ነው።

ስለዚህ ሳህን ላይ ከመጮኻችሁ በፊት ኃላፊውን አንድ ወረቀት አስፈርሙልን። «ከመዝጊያው ሰዓት 20 ደቂቃ በፊት አንዱ የምግብ ዓይነት ቢያልቅ፣ ሌላው እስካለ ድረስ፣ ሠራተኛዋ አትጠየቅም» የሚል። ይህ ወረቀት ካለ እኔ በዙር ነው የማበስለው። መጀመሪያ ግማሹን። የቀረውን አትክልት ከትፌ፣ ሩዙን ለክቼ አስቀምጣለሁ። ሰልፉን አይቼ ሁለተኛውን ድስት እጥዳለሁ። ያልበሰለ ነገር ለነገ ይሆናል፤ በስሎ የተረፈው ግን ጣጣው ብዙ ነው።

ሦስተኛ_ዓመት · ማክሰኞ ጠዋት 2፡05

እትዬ፣ እውነት ለመናገር አፈርኩ። ያን ሁሉ ፖስተር ስንለጥፍ ወጥ ቤት ገብተን አንድ ሰው አላነጋገርንም። ጥፋቱ የተማሪ ብቻ ይመስለን ነበር።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። የተረፈውን ለተቸገሩ መስጠት አይቻልም? ክበቡ ውስጥ ይህን ሐሳብ ያነሱ ብዙ ናቸው።

የጭልፋዋ_እናት · ማክሰኞ ማታ 1፡40

ምን አሳፈረህ ልጄ። የእኛም ኃላፊዎች ወጥ ቤት አይገቡም።

መስጠት ይቻላል፤ ግን ለአፍ ዳገት የለውም። መጀመሪያ ምግቡ ሰው ፊት ያልቀረበ መሆን አለበት። ሳህን የነካው አይሰጥም፣ አለቀ። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር እኛም ስልጠና ላይ የተማርነው ነው፦ የበሰለ ምግብ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሞቆ ይቆያል፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዘቅዛል። መሐል ላይ ከ2 ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። እንደገና ሲሞቅ ደግሞ እስከ ውስጡ 70 ዲግሪ መድረስ አለበት።

ችግሩ ትልቅ ድስት ቶሎ አይበርድም። ከላይ በርዶ መሐሉ ለብ እንዳለ ያድራል። ጠዋት ሲከፈት ሽታው ይነግራችኋል፤ አንዳንዴ ደግሞ አይነግራችሁም፣ እሱ ነው የሚብሰው። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ዕቃ ላይ በስሱ ዘርግቶ ነው ወደ ፍሪጅ የሚገባው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ቦታ፣ ዕቃና ሰው ያስፈልጋል። ደግሞም የሚወስደው ሰው በሰዓቱ ይምጣ። «እንመጣለን» ብለው የቀሩብኝ ብዙ ናቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ። መጀመሪያ አይትረፍ። የተረፈው ሲያንስ መስጠቱም ይቀላል።

ኮድ_ጻፊ · ማክሰኞ ማታ 2፡15

የሰው ቁጥሩን ነገር እኔ ልርዳ። መታወቂያ ስካን ተደርጎ የሚገባበት ካፌ ከሆነ መልሱ እዚያው ማሽን ውስጥ አለ። በየቀኑ፣ በየማዕዱ ስንት ሰው እንደገባ ይመዘግባል፤ የሚያየው የለም እንጂ። ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት አውጥታችሁ የዓርብ ራትን ከዓርብ ራት፣ የሰኞ ቁርስን ከሰኞ ቁርስ ጋር ብታስተያዩ ለእትዬ ከምዝገባው ቁጥር የተሻለ ግምት ትሰጧቸዋላችሁ። ማሽን ከሌለም በር ላይ በእጅ መቁጠሪያ የሚቆጥር አንድ ሰው ይበቃል።

አደራ፣ አፕ እንሥራ እንዳትሉ። ማንኛውም ክበብ ሁለተኛ ስብሰባው ላይ አፕ እንሥራ ይላል። እኔ ራሴ ሁለት ሠርቻለሁ፣ ሁለቱንም የሚጠቀም የለም። እዚያው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ነጭ ሰሌዳ ስቀሉ። «ዛሬ የሚጠበቀው ሰው፣ የመጣው ሰው፣ የተረፈው ኪሎ።» በቃ።

ጠባቧ_ሳህን · ማክሰኞ ማታ 3፡30

ሳህኑንም ጨርሳችሁ አትተዉት እንጂ። እዚያም ቀላል ሥራ አለ፣ ደግሞ ፖስተር አይፈልግም።

ትሪውን አንሱት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ፤ ዋሽንግተን በሚገኘው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው። ለስድስት ቀን ትሪ ያለበትንና የሌለበትን አስተያይተው መዘኑ። ትሪ ሲጠፋ የምግብ ብክነቱ በ32 በመቶ፣ የታጠበው ሳህን ደግሞ በ27 በመቶ ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትሪ የያዘ ሰው ባዶ ቦታ ካየ ይሞላዋል። ሁለት እጅ ብቻ ያለው ሰው ግን የሚበላውን ያህል ይይዛል።

ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ 52 ሆቴሎችን ባካተተ ሙከራ ሳህኑን በጥቂቱ ማሳነስ ብቻ ብክነቱን 20 በመቶ ገደማ ቀንሷል። «ደጋግመው መጥተው ማንሳት ይችላሉ» የሚል ትንሽ ምልክት ማስቀመጥም ተመሳሳይ ውጤት አመጣ። እንግዶቹ ቅር አላላቸውም።

እዚህ ላይ ፖስተራችሁን አስቡት። የእናንተው ይወቅሳል። የኖርዌዩ ይፈቅዳል። ሰው ሳህኑን የሚቆልለው ሁለተኛ ዕድል የለም ብሎ ሲያስብ ነው። ተመልሶ ጭማሪ ሲጠይቅ የሚገላመጥበት ካፌ ውስጥ ደግሞ ማን ትንሽ ያነሳል?

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ክራንች የያዘ፣ ዓይኑ በደንብ የማያይ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ትሪ ያስፈልገዋል። ጥቂት ትሪ በር ላይ ይቀመጥ፣ ያነሳውን ሰውም «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አይኑር።

ሁለት_ሳህን · ማክሰኞ ማታ 3፡41

ስሜን አይታችሁ ነው አይደል የምትነኩኝ።

አረንጓዴ_ምሳ · ረቡዕ ከሰዓት 7፡15

ብክነቱ ላይ ያላችሁትን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ትልቁ ነገር የሚጣለው ብቻ አይደለም፣ የሚበላውም ነው። ምንም ሳይተርፍ ሁሌ የከብት ሥጋ የሚያቀርብ ካፌ ከብዙ አባካኝ ካፌ የበለጠ ሊበክል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው የተመራማሪዎቹ የፑርና የኔሜቼክ ጥናት በ119 አገሮች የሚገኙ 38,000 ያህል እርሻዎችን አይቷል። 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት ለሥጋ ከሚረባ ከብት በአማካይ 50 ኪሎ ገደማ የሙቀት አማቂ ጋዝ ይወጣል። ከዶሮ 6 ኪሎ ገደማ። ከባቄላ፣ ከአተርና ከመሰሎቻቸው ከ1 ኪሎ በታች። እንዲህ ዓይነት ልዩነት ሌላ ቦታ አታገኙም።

ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ካፌዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የከብትና የበግ ሥጋ ማቅረብ አቆመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲያሰሉት ለእያንዳንዱ ኪሎ ምግብ የሚወጣው ጋዝ በ33 በመቶ ወርዷል። በርሊንም የተማሪ ካፌዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጸው ጀምሮ ሜኑውን ገልብጠውታል፤ ሥጋና ዓሣ ተደምረው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው የቀራቸው።

ሁለት_ሳህን · ረቡዕ ከሰዓት 7፡22

መጣችሁ። ከጨው ወደ ሥጋ ተሸጋገርን። ከነአካቴው ከልክሉንና ሁላችንም ውጭ እንብላ፣ ካፌውም ባዶ ይሁን፣ ብክነቱም ዜሮ ይግባ።

ቁጥር_ወዳጅ · ረቡዕ ማታ 1፡05

ሁለት_ሳህን እየቀለደ ቢሆንም ፍርሃቱ ልክ ነው። ስለዚህ ክልከላ ያልሆነውን መንገድ ልንገራችሁ።

እዚያው ካምብሪጅ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ካፌዎች ላይ 94,644 የተሸጠ ምግብ ተቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥናት ወጥቷል። ያደረጉት ነገር ትንሽ ነው። ከአራቱ የቀኑ ምርጫዎች አንዱ ብቻ ያለ ሥጋ የነበረውን ሁለቱ እንዲሆኑ አደረጉ። ሌላው ሥጋ እዚያው አለ፣ ማንም አልተከለከለም። ያለ ሥጋ የተሠራው ምግብ ሽያጭ ከ41 እስከ 79 በመቶ ጨመረ። ይበልጥ የሚገርመው ከሁሉ በላይ የተለወጡት ማን እንደሆኑ ነው። ድሮ ያለ ሥጋ የተሠራውን እምብዛም የማይመርጡት ናቸው። ጠቅላላ ሽያጩም አልወደቀም ማለት ይቻላል።

ሰው ተከለከልክ ሲባል እልህ ይይዘዋል። ፊቱ የቀረበለትን ሁለት ጥሩ ነገር ግን አይቶ ይመርጣል።

አረንጓዴ_ምሳ · ረቡዕ ማታ 1፡30

ጥሩ የምትለዋ ቃል ላይ አስምሩልኝ። ያለ ሥጋ የሚሠራው ምግብ ቅጣት ከሆነ ማንም አይመርጠውም። የተቀቀለ ጎመን ከጥጉ ላይ አስቀምጦ «ይኸው ጤናማ ምርጫ» የሚል ካፌ አይቻለሁ። ካምብሪጆች ለወጥ ሠሪዎቻቸው ስልጠና ሰጥተዋል፣ ምግቡንም ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ አኑረውታል። ተማሪ ሲርበው መጀመሪያ ያየውን ነው የሚያነሳው።

አዲስ_ገቢ · ረቡዕ ማታ 2፡12

ይቅርታ፣ ምናልባት የማይረባ ጥያቄ ነው። ከቅርብ የሚመጣ ምግብ ብቻ ብንገዛስ? ከሩቅ የሚጫነው ነዳጅ ብዙ አይፈጅም?

አረንጓዴ_ምሳ · ረቡዕ ማታ 2፡25

የማይረባ አይደለም፣ ሁሉም የሚጠይቀው ነው። ከላይ ባነሳሁት ጥናት ከምግብ ከሚመጣው ጋዝ የመጓጓዣው ድርሻ 6 በመቶ ገደማ ነው። በአውሮፕላን የሚመጣ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ካለ እሱ የተለየ ነው፣ እሱን ተዉት። ከቅርብ መግዛት ትኩስነት አለው፣ ገበሬውንም ይጠቅማል። ጋዙ ላይ ግን ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ ምንድን ነው የሚለው ይከብዳል።

የላብ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 4፡00

የወረቀት ኩባያ ይታገድ ላለችው እህታችን። ሐሳቧ ጥሩ ነው፤ ግን «ይበሰብሳል» ተብሎ በሚሸጠው ዕቃ እንዳይተካ። ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ የሚሠራው ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ እንዲበሰብስ 60 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ይፈልጋል። ጓሮ ውስጥ ብትቀብሩት እንዳለ ይቆያችኋል። የወረቀቱም ኩባያ ውስጡ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው።

የሚታጠብ ኩባያ ይሻላል፣ ተመልሶ እስከመጣ ድረስ። መመለሱ ላይ ነው ሁሉም የሚወድቀው። ኩባያው ዶርም ይገባል፣ እርሳስ ይሰካበታል፣ በዚያው ይቀራል። ትንሽ ማስያዣ ከፍሎ ወስዶ ሲመልስ የሚቀበልበት አሠራር ካልተዘረጋ በሴሚስተሩ መጨረሻ ካፌው እንደገና ወረቀት ይገዛል።

የኮምፖስቱ_ሰው · ሐሙስ ጠዋት 3፡10

ስሜን ያያችሁ ሁሉ ኮምፖስት ጠይቁ የምል ይመስላችኋል። አልልም። መጨረሻ ላይ ጠይቁት።

ለምን? አንደኛ፣ ኮምፖስት ጥሩ ሰበብ ነው። «ምንም አይደል፣ ማዳበሪያ ይሆናል» እየተባለ የበሰለ ሩዝ በበርሜል ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ሩዝ ውሃው፣ መሬቱ፣ ማገዶው፣ የሰዎቹ ድካም አለበት። ማዳበሪያ ሲሆን የሚመለሰው ጥቂቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራ ነው። እኛ የጀመርን ጊዜ የካፌውን ትራፊ ዝም ብለን ከመርን። በሳምንቱ ሸተተ። በሁለተኛው ሳምንት ትል። በሦስተኛው የሴቶች ዶርም አቤቱታ ጻፈብን፣ እውነታቸውን ነበር። የምግብ ትራፊ እርጥብ ነው፣ ናይትሮጅኑም ብዙ ነው። ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ካላገኘ ይገማል። ስለዚህ ደረቅ ቅጠል፣ ሰጋቱራ፣ የተቀደደ ካርቶን በብዛት ይገባበታል። በእጅ ስትጨብጡት እንደተጨመቀ ስፖንጅ እርጥበቱ ይሰማ እንጂ መንጠባጠብ የለበትም። መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲሞቅ በመንሽ እየተገለበጠ አየር ያገኛል። ሥጋና ቅባት ለጀማሪ ከምር አይሆንም። አይጥ ትጠራላችሁ።

ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው የዕረፍት ጊዜ ሲመጣም መኖር አለበት። የክበብ አባላት ሐምሌ ላይ የት ናችሁ?

እንዲህም ሆኖ ቆሻሻ መጣያ ከመሄድ ይሻላል። አየር በሌለበት የተቀበረ ምግብ ሚቴን ይለቃል። ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ለዚያ ነው ባዮጋዝ ማብላያ የሚሠሩ ግቢዎች ያሉት፦ ያንኑ ሚቴን ይዘው ምድጃ ላይ ያነዱታል። እሱ ግን ገንዘብም ባለሙያም የሚጠይቅ ነው፤ የየቀኑ ትራፊ መጠን ሳይታወቅ አይገዛም። እዚህም መልሳችሁ ሚዛኑ ጋ ትመጣላችሁ።

የጭልፋዋ_እናት · ሐሙስ ማታ 1፡20

ስለ ማገዶ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። ድስት ይከደን። ክዳኑ የጠፋበት ድስት ስንት ነው መሰላችሁ! ባቄላና አተር ማታ ይዘፍዘፍ፤ ያልተዘፈዘፈ ምድጃ ላይ ያለቅሳል። የፍሪጁ በር ጎማ ከተቀደደ ይቀየር፣ ቀኑን ሙሉ ብርዱን ውጭ እየለቀቀ ነው የሚሠራው። ይህ ሁሉ ስብሰባ አያስፈልገውም ነበር፤ «ዕቃ ጠያቂ» ተብዬ ዝም አልኩ እንጂ።

ጨው ላልከው ልጅ። ልክ ነህ ልጄ። ለሺህ ሰው ስናበስል ጨው ላይ እንሳሳለን፤ የበዛ አይመለስም፣ ያነሰ ይጨመራል ብለን። ግን ጠረጴዛው ላይ ጨው ካልተቀመጠ ማን ይጨምረው?

ሁለት_ሳህን · ሐሙስ ማታ 1፡34

እትዬ፣ እርስዎ የሚያበስሉበት ካፌ ብሆን አንዲት ፍሬ አላስተርፍም ነበር።

በቁም ነገር ግን አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ካልሳቃችሁ። ሦስተኛው ባልዲ ጋ ሰው ቁሞ ኪሎ ብቻ አይጻፍ። የሚጥለውን ልጅ «ለምን ተረፈህ?» ብሎ ይጠይቀው። ሳይቆጣ። በዝቶብኝ፣ አልጣመኝም፣ ቀዝቅዞብኝ፣ ክፍል ረፍዶብኝ፣ አራት ምርጫ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። እኔ ለምሳሌ ዘወትር ረቡዕ ምሳ እጥላለሁ። ስለምጠግብ አይደለም፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሰልፉንም ምሳውንም ጨርሼ ክፍል መግባት ስላለብኝ ነው። ለዚያ ፖስተርም ጠባብ ሳህንም አይረዳኝም።

ቁጥር_ወዳጅ · ሐሙስ ማታ 1፡50

ይህ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ይበልጣል። የእኔንም ጨምሮ። የረቡዕ ምሳ ክምር የወጥ ቤቱ ጥፋት ሳይሆን የክፍል ፕሮግራሙ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ያን ደግሞ ሚዛን ብቻውን አያሳይም።

ሦስተኛ_ዓመት · ዓርብ ከሰዓት 9፡45

ከስብሰባው አሁን ወጣሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅን። አንደኛ ለሁለት ሳምንት ሦስቱን ባልዲ መመዘን፣ ከነምክንያቱ። ሁለተኛ የእትዬን ወረቀት። ሥጋም ኩባያም ኮምፖስትም አላነሳንም። አንዳንድ የክበቡ ልጆች ተቀይመውኛል፣ ይሁን።

ሚዛኑ ወዲያው ተፈቀደ። ወረቀቱ ላይ ግን ኃላፊው ተኮሳተሩ። «ምግብ ማለቅ ይቻላል ብዬ ልፈርም?» አሉ። የእትዬን «በርሜል ሙሉ የደፋን ቀን ግን ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም» የምትለዋን አነበብኩላቸው፣ ከየት እንደሆነ ሳልናገር። ዝም አሉ። ከዚያ የወጥ ቤቷን ኃላፊ አስጠሩና እኛው ፊት «እውነት ነው?» ብለው ጠየቋት። ሴትዮዋ መጀመሪያ እኛን አየችን። ቀጥላ «አዎ» አለች።

ለሙከራው ሁለት ሳምንት ብቻ፣ ራት ላይ ብቻ፣ ፈረሙ። ቁርስና ምሳ አልተፈቀደም። ለእኔ ይበቃኛል።

ሰኞ እንጀምራለን። ባልዲዎቹ ተገኝተዋል። ሳህን መመለሻው ጋ ቁሞ የሚጠይቅ ሰው ግን ለረቡዕ ምሳ አጥቻለሁ፤ ሁሉም ክፍል አለው።

ሁለት_ሳህን · ዓርብ ከሰዓት 9፡52

እኔ እቆማለሁ። ክፍሉን ለአንድ ቀን ልቅር፣ ምሳዬን ግን ቀድሜ ልብላ።

የጭልፋዋ_እናት · ዓርብ ማታ 12፡30

ባልዲውን ባዶውን መዝናችሁ ክብደቱን ከላዩ ጻፉበት፣ በኋላ እንዳትጨቃጨቁ። ለዚያች ወጥ ቤት ደግሞ ሰላምታ በሉልኝ።